ከውሃ መጠን ወደ ወንዝ ገላ፦ ባሕር ኤል ጀበል በጁባ

ጁባ የተቆረቆረችው ነጭ ዓባይ ባሕር ኤል ጀበል ተብሎ በሚጠራበት ስፍራ፣ በወንዙ ምዕራባዊ ዳርቻ ሲሆን፣ ከከተማዋ ቀድሞ ስሙ የታወቀው በማዶ ያለው ጎንዶኮሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ የላካቸው መርከቦች እዚህ አካባቢ ደርሰው የተመለሱት፣ ከዚያ ወደ ላይ ውሃው በቋጥኝ መካከል እየተንደረደረ ጉዞን ስለሚከለክል ነው። ወንዙ በመጀመሪያ የተመዘነው በመንገድነቱ፣ ቀጥሎም ለግብጽ መስኖ በሚያደርሰው ውሃ ሆነ። መሐንዲሱ ዊልያም ጋርስቲን በ1904 ባቀረበው ዘገባ ሰፊውን የሱድ ረግረግ ውሃ በትነት የሚባክንበት ስፍራ አድርጎ በማየት፣ ከቦር ተነሥቶ ሶባት ከነጭ ዓባይ እስከሚገናኝበት የሚዘልቅ ቀጥተኛ ቦይ እንዲቆፈር ሐሳብ አቀረበ፤ ሶባት ባሮና ፒቦር ተገናኝተው የሚይዙት ስም ነው። ከ1905 ጀምሮም ከጁባ በስተሰሜን በምትገኘው ሞንጋላ የፍሰቱ መጠን ይመዘገብ ጀመር።

በዚህ ሁሉ ትጋት ውስጥ ያልተመዘገበው የወንዙ አካላዊ መኖሪያ ነበር፤ ይኸውም የአልጋው አሸዋና ደለል፣ የውሃው ጥልቀትና ፍጥነት፣ የዳርቻው ጽናትና ዕፀዋት፣ እንዲሁም ወንዙ ሲሞላ ከሜዳው ጋር የሚፈጥረው ግንኙነት ሲሆን፣ ዓሣ የሚራባውም የሚሸሸገውም በእነዚሁ ነው። እይታውን የለወጠው በ1946 የተቋቋመው የጆንግሌ አጣሪ ቡድን ነው። ቡድኑ ሱድን እንዲያልፍ የታሰበው ቦይ ምን ያህል ውሃ ያድናል ከሚለው አልፎ፣ ጎርፉ ሲሸሽ የሚገለጠውና ቶይች የሚባለው ሣር ሜዳ፣ ዓሣውና ከብት አርቢው ሕዝብ ምን ይሆናሉ ብሎ ጠየቀ፤ በ1954 የወጣው ዘገባውም ዛሬም ሊነበብ የሚገባው ሥራ ነው። ከ1961 በኋላ ወንዙን የሚመግበው የቪክቶሪያ ሐይቅ ከፍ ሲል ረግረጉ ከእጥፍ በላይ ሰፋ፤ ሜዳው በወንዙ ሙላት ላይ ምን ያህል እንደተመሠረተም ታየ። ሆኖም በ1978 የጆንግሌ ቦይ ቁፋሮ ተጀመረ፤ ከታቀደው 360 ኪሎ ሜትር 260 ያህሉ ከተቆፈረ በኋላ በ1984 በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ቆመና ለከብትም ለአውሬም እንቅፋት የሆነ ደረቅ ጉድጓድ ቀረ።

በሌላው ዓለም የወንዝ መኖሪያን በነጥብ መመዘን የተለመደው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም በ1999 ያሳተመው መመሪያ፣ በእግር ሊሻገሯቸው የሚቻሉ ወንዞችን በ10 መስፈርት እያንዳንዳቸውን ከ20 ይመዝናል፤ ለተዳፋትና ለሜዳማ ወንዞችም የተለያየ ቅጽ አለው። ለባሕር ኤል ጀበል ግን ይህ አይበቃም፤ ጥልቅ ከመሆኑም በላይ ሕይወቱ ያለው ከአልጋው ይልቅ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ ነውና።

ለቅጹ ይበልጥ የሚስማሙት በጁባ ዙሪያ ያሉት፣ ኾር የሚባሉት ትናንሽ ወንዞች ናቸው፤ እነርሱም በበጋ ስለሚደርቁ ምዘናው ወቅትን ማገናዘብ አለበት። መልሶ ለማቋቋም የሚታሰብ ወንዝ የሚመዘነው ደግሞ ብዙም ካልተነካ ተመሳሳይ ክፍል ጋር እየተነጻጸረ ነው። ከምዕራብ ወደ ነጭ ዓባይ በሚወርደው የሉሪ ወንዝ ላይ ይህን ማነጻጸሪያ ሊሰጥ የሚችለው ከከተማዋ የራቀው የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ ያንን ጦርነት ከቋጨው የ2005 የሰላም ስምምነት ወዲህ በፍጥነት የሰፋችው ጁባ ሳትደርስበት አልጋውና ዳርቻው በቅጽ ተመዝግበው ሊቀመጡ ይገባል።