ተነቀለ፣ ተተከለ፣ ጸደቀ

‹ንቅለ ተከላ› የሚለውን ቃል አብዛኞቻችን የለመድነው ከኩላሊት ጋር ነው። ሥሩ ግን ማሳ ውስጥ ነው፤ ነቀለና ተከለ የገበሬ ግሦች ናቸው። ችግኝ አፍልቶ የሚያውቅ ሰው ታዲያ ሦስተኛ ግሥ አለው፦ ጸደቀ። ከመደቡ ተነቅሎ የተተከለው ችግኝ ሥር ሲይዝ ‹ጸደቀ› ይባላል። በግዕዝ ‹ጸድቀ› ማለት እውነተኛ ሆነ፣ ጻድቅ ሆነ ነው፤ የዕብራይስጡ ‹ጼዴቅ›ና የዓረብኛው ‹ሲድቅ› ዘመዶቹ ናቸው። ነፍስ ይጸድቃል፣ አዋጅ ይጸድቃል፤ ይኸው ከባድ ቃል ለአንዲት የቡና ችግኝም መዋሉን እጅግ እወድለታለሁ።

የሕክምናው ስም ሦስተኛውን ግሥ ትቶታል፤ የመገጣጠሚያ ሕክምና የሚቸገረው ግን እዚያው ላይ ነው። የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት የደም ሥር ስለሌለው ሲጎዳ ራሱን መጠገን ይከብደዋል። ‹ልም› ከ‹ላመ› ነው፤ የላመ የጣመ ስንል የምናነሳው። ግሪኮች ይህንኑ አካል ‹ኾንድሮስ› ብለውታል፤ ቃሉ ለቅንጬ የሚሆን ሽርክት እህልም ማለት ነው። እኛ ከላመው፣ እነሱ ካልላመው! የልም አጥንት ሴሎች ‹ኮንድሮሳይት› የተባሉት ከዚሁ ነው።

የስዊድን ሐኪሞች፣ እነ ማትስ ብሪትበርግ፣ የ23 ሕሙማንን ሴሎች ከየራሳቸው ጉልበት ወስደውና በቤተ ሙከራ አራብተው መልሰው እንደተከሉ በ1994 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። የእነዚያ ሕሙማን ጉዳት ግን በዙሪያው ጤነኛ ልም አጥንት ነበረው። ልም አጥንት እየተሸረሸረ በሚሄድበት የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በኦስቲዮአርትራይተስ፣ ግን ዙሪያውም የሳሳና የተቆጣ ስለሆነ፣ አዲሱ ሴል የሚይዘው ያጣል።

ሴል ዙሪያውን የሚይዘው በሽፋኑ ላይ ባሉ ኢንተግሪን በተባሉ ፕሮቲኖች ነው። ስማቸው የወጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ሲሆን ሥሩ የላቲኑ ‹ኢንተገር› ነው፦ ያልተነካ፣ ስለዚህም ሙሉ። መንካትና መያዝ ሥራው የሆነ ነገር ‹ያልተነካ› ከሚል ሥር መሰየሙ ይደንቀኛል። ኢንተግሪኖች አጥብቀው ለመያዝ እንደ ማግኒዥየም ያሉ ማዕድናት ያስፈልጓቸዋል፤ ተመራማሪዎችም ማግኒዥየም ሲጨመር ወደ ልም አጥንት ሊያድጉ የሚችሉ ስቴም ሴሎች በተሻለ እንደሚጣበቁ አይተዋል።

ሐኪሞቻችንና ተርጓሚዎቻችን ሆይ፣ የተተከለ ሴል መያዙን ስትጽፉ ‹ሴሉ ጸደቀ› በሉ። ደን ተካዮች ‹የጽድቀት መጠን› ይላሉ፤ የጉልበት ሕመምተኛም ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።