የቦረና ከብት የዘር ሐረግና አጠባበቁ

የከብት ዘር ታሪክ ሁለት ዓይነት መዝገብ አለው። አንደኛው በእረኛው ልብ ተይዞ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ነው፤ ሁለተኛው በወረቀት ላይ የሰፈረው ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚገኘው የቦረና ከብት ከአፍሪካ የሥጋ ከብቶች መካከል በጽናቱ የታወቀ ሲሆን፥ ታሪኩ ከመጀመሪያው መዝገብ ወደ ሁለተኛው የተሻገረው ከትውልድ አገሩ ውጭ ነው። ይህ ነገር ከያቤሎ ርቀው በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ሰበታን፥ ቡራዩንና ሱሉልታንም ይመለከታል።

ቦረናዎች ከብታቸውን ቆርቲና አዩና ብለው ይለዩታል። ቆርቲ በግዝፈቱ የሚበልጠው ነው፤ አዩና ደግሞ አነስተኛው ነው። ኮርማ ሲመርጡ መልኩን ብቻ ሳይሆን የእናቱንም ወተትና ጠባይ ይመረምራሉ። በበጋ ወራት ከብቱ ከጥልቆቹ የቱላ ጕድጓዶች የሚጠጣው በየሦስተኛው ቀን ነው፤ በመካከሉ ርቆ ሄዶ ይግጣል። ስለዚህ ጠንካራውን ከደካማው መለየት የባለቤቱ ብቻ ሳይሆን የምድሩም ሥራ ነበረ። ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሣው በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ከብት አዋጥቶ ይረዳዋል። በዚህም አንድ ሐረግ በብዙ በረት ስለሚበተን፥ የአንድ ሰው መንጋ ቢጠፋ ሐረጉ አብሮ አይጠፋም።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለኢጣልያ ጦር ከመጡ ከብቶች ጋራ በምጽዋ በኩል የገባው የደስታ በሽታ ይህን ሁሉ አናጋው። እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ክፉ ቀን አብዛኛው የአገሪቱ ከብት አለቀ፤ የሚጠመድ በሬ ስለ ታጣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው እየቆፈሩ ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ቦረናም ከመቅሠፍቱ አላመለጠም፤ ሆኖም ከተረፉት ከብቶች መንጋው እንደ ገና በዛ። አገሪቱ ከዚህ በሽታ ነጻ መሆኗ በዓለም የታወቀላት በ2000 ዓ.ም. ነው። የከብት ወረርሽኝን የሚመረምረው ብሔራዊ ተቋም ዛሬ በሰበታ ይገኛል።

የጽሑፉ መዝገብ የተጀመረው በኬንያ ነው። በዚያ የሰፈሩ አውሮፓውያን ከብት አርቢዎች በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሶማሌ ነጋዴዎች የቦረናን ከብት ገዝተው አረቡ፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ደግሞ የቦረና ከብት አርቢዎች ማኅበር አቋቋሙ። የጥጃው አባትና እናት በመዝገብ ገቡ፤ ሐረጉ ያልታወቀ ከብት ዋጋው አነሰ። ከዚያ ወዲህ ዘሩ ወደ ዛምቢያ፥ ወደ አውስትራሊያና ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሻገረ።

በኢትዮጵያ ደጋ ግን የቦረና ላም የተፈለገችው ለእናትነት ነው። ከቡራዩ ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ በሚገኘው የሆለታ ምርምር ማዕከልና በስምጥ ሸለቆው የአበርኖሳ እርባታ የቦረና ላሞች ከፍሪዥያን ጋራ እንዲዳቀሉ ተደረገ፤ ድቅል ጊደሮችም ለገበሬዎች ታደሉ። ድርቆሽ በሚታጨድበት በሱሉልታ ሜዳና በሰበታ አካባቢ ለአዲስ አበባ ወተት የሚሰጡት ላሞች ብዙዎቹ ድቅሎች ናቸው። የመጀመሪያዪቱ ድቅል ከአባቷ ወተት፥ ከእናቷ ጽናት ትወርሳለች። ልጇ ዳግመኛ ከፍሪዥያን ስትወለድ ግን የቦረናው ደም ከእኩሌታ ወደ ሩብ፥ ቀጥሎም ወደ ስምንተኛ ይወርዳል። ያችኑ የመጀመሪያ ድቅል እንደ ገና ለማግኘት ወደ ንጹሕዋ የቦረና ላም ከመመለስ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ስለዚህ የደጋው ወተት በቆላው መንጋ ንጽሕና ላይ የቆመ ነው። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ሲሆን፥ የግጦሽ መሬታቸውም ለቤትና ለፋብሪካ እየዋለ ሄዷል፤ ንጹሕ መንጋ በዚያ ሊረባ አይችልም። መንጋው የሚጠበቀው በቦረና ምድር ነው፤ በያቤሎ አጠገብ ያለው የዲድ ቱዩራ እርባታ የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ከ2020 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ዝናም በተከታታይ በመቅረቱ እጅግ ብዙ የቦረና ከብት አልቋል። ከብቱ ሲያልቅ ሐረጉን የሚያውቀው ሽማግሌ የሚያመለክተው ላም አይቀርለትም፤ ሽማግሌው ሲያልፍም የተረፈችው ላም የማን ልጅ እንደ ሆነች የሚናገርላት አይገኝም። የቦረና ሽማግሌዎች በቃል የያዙትን በወረቀት ማስፈር የሚቻለው ሁለቱ በአንድነት ሳሉ ነው።