በወሎ ግጥም ውስጥ የተሸፈነው ወቀሳ

ግጥም በዘይቤ የሚናገረው ለጌጥ ብቻ አይደለም። በግልጽ ቢነገር የሚያስቀጣውን ቃል ሸፍኖ ማሳለፍም አንዱ ተግባሩ ነው። ለዚህም የወሎ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ከደሴ በስተሰሜን ባለው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ክርክር ከተቈረጠ በኋላ የወሎ ሙስሊም ሹማምንት እንዲጠመቁ፣ አለዚያ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ፤ ሕዝቡም በተወሰነ ጊዜ ክርስትና እንዲነሣ ታወጀ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ደሴን መቀመጫቸው አደረጉ። ትእዛዙን ካልተቀበሉት አንዱ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ነበሩ። እኒህ ሰው በጦር ከመቃወማቸውም በላይ በዐጀሚ፣ ማለት በዓረብኛ ፊደል በሚጻፍ አማርኛ፣ ግጥም ደርሰዋል።

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ዙሪያ ባለው በቃሉ አገር ሕዝቡ በሐድራ ተሰብስቦ በድቤ የሚያዜመው መንዙማ ላይ ላዩን ሲታይ የነቢዩ ውዳሴና የፈጣሪ ልመና ነው። ይሁን እንጂ ልመና አቤቱታም ይሆናል። አቤቱታው ለፈጣሪ ስለሚቀርብ በዳዩን በስም መጥራት አያስፈልግም፤ አድማጩ ያውቀዋልና።

ሰምና ወርቅም እንዲሁ ይሠራል። «ተሳለ» የሚለውን ግሥ እንመልከት። ሰሙ ለታቦት ወይም ለወሊይ ስለት ገባ ማለት ነው፤ ወርቁ ግን እንደ ቢላዋ ስለት አወጣ ማለት ይሆናል። ስለ አንድ ገዥ «ተሳለ» ቢባል ጸሎተኛነቱ ተመሰገነ ወይስ ጭካኔው ተነቀፈ? ተናጋሪው ቢጠየቅ በሰሙ ያመልጣል። ቃሉ በድኻው መባ ለሚከብር ካህን ወይም ሼህ ቢነገርም ያው ነው።

የሼህ ሁሴን ጅብሪል ግጥሞች ደግሞ ሽፋናቸው ትንቢት ነው። በቃል ሲወርዱ ኖረው ኋላ የታተሙ በመሆናቸው የትኛው ስንኝ የሼሁ፣ የትኛውስ የኋላ ሰው እንደ ሆነ መለየት ያስቸግራል። ይህም ራሱ ትምህርት አለው፤ በሕይወት የሌለውን ሰው ሊከስ የሚችል ዳኛ የለምና፣ ብሶተኛ ሁሉ በስማቸው ሊጠለል ይችል ነበር።

ስለዚህ ትንቢቱ ደረሰ ወይስ አልደረሰም ብሎ ብቻ የሚከራከር አንባቢ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይጥላል። መጠየቅ የሚገባው፣ ይህን ቃል ሸፍኖ እንዲናገር ገጣሚውን ያስገደደው በደል ምን ነበር የሚለው ነው።