ጊዜ ያለፈበት ምክር

ለገበሬ የሚሰጥ ምክር እንደ ዘር ነው፤ ወቅቱ ካለፈበት አይበቅልም። ይህንንም በአርሲና በባሌ ደጋ የስንዴ እርሻ ላይ ከደረሰው ነገር ለመረዳት እንችላለን።

እንደሚታወቀው፥ በአገራችን የእርሻ ሚኒስቴር የቆመው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላም፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967፥ በአርሲ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ከምክር ጋራ ለገበሬው ማድረስ ጀመረ። ነገር ግን ምክሩ የሚጓዘው በሠራተኛው እግር ስለ ነበረ፥ በክረምት ጭቃና በወንዝ ሙላት ይዘገይ ነበር።

የመዘግየቱ ጉዳት ኋላ በግልጥ ታየ። በዚሁ አቆጣጠር በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ፥ ኩብሳ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ጎዳው። ገበሬውም ቢጫ ዋግን የሚቋቋመውን ዲገሉን እንዲዘራ ተመከረ፤ ዘራም። በ2013 ግን ሌላ ዋግ፥ የግንድ ዋግ፥ መጥቶ ያንኑ ዲገሉን አጠፋው። ምክሩ ሐሰት አልነበረም፤ ጠላቱ ተለወጠ እንጂ።

በ2014 ያን ጊዜ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት 8028 የተባለውን የስልክ አገልግሎት ከፈተ። ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ፥ ቁጥር እየተጫነ፥ ስለ አዘራርና ስለ ሰብል በሽታ በሚያውቀው ቋንቋ በድምፅ ይሰማል፤ ፊደል አለመቁጠሩም አያግደውም። በ2017 የመኸር ወራትም የአገራችን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው፥ የዋጉ ብናኝ በነፋስ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ የሚገምት ዘዴ ሥራ ላይ አዋሉ፤ ማስጠንቀቂያውም በስልክ መልእክት ይተላለፍ ጀመር።

ይሁን እንጂ ስልክ ብቻውን እርሻን አያድንም። መድኃኒቱ ከወረዳው ሳይደርስ ማስጠንቀቂያው ቢደርስ፥ ገበሬው ጥፋቱን ቀድሞ ከማወቅ በቀር የሚያተርፈው የለም። ስልኩም በባል እጅ ብቻ ሲሆን፥ አብራ የምታርመውና የምታጭደው ሚስት ምክሩን ሳትሰማ ትቀራለች። ደግሞም ዋጉን በማሳው ላይ ፊተኛ ሆኖ የሚያየው ገበሬው ራሱ ነው።

ስለዚህ ምክር ሰጪዎች ሁላችን ከመናገር ይልቅ መስማትን እናስቀድም። ከማሳው የሚመጣውን ቃል በጊዜው ያልሰማ መካሪ፥ የአምናን ምክር ለዘንድሮ ክረምት ይሰጣልና።