ድሩ ከፋብሪካ፣ ማጉ ከቤት

የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃውና ስለ ማሽኑ ነው። ታሪኩ ግን እቤቷ ቁጭ ብላ በእንዝርት የምትፈትለዋን ሴትም ይነካል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነት ካሳ ነው። በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተወሰነ። ክፍያው ዘገየ፤ በ1948 ዓ.ም. በተደረሰው ስምምነት ካሳው ወደ 16 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ አለ። የቆቃ ግድብና የባሕር ዳሩ ፋብሪካ የተሠሩት በዚሁ ካሳ ነው። ፋብሪካው የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነበር። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ያስተምር ጀመር። በ1956 ዓ.ም. ደግሞ የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር፣ ማሽኑ በዓባይ ጉልበት መዞር ያዘ።

የፋብሪካ ክር ገበያ ሳይገባ በፊት ድሩም ማጉም ከሴት እጅ ይወጣ ነበር። ጥጡን በመዳመጫ ትዳምጣለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ባዘቶውን አመልማሎ አድርጋ ትፈትላለች። የፋብሪካ ክር፣ በፊት ከውጭ ኋላም ከአገር ውስጥ፣ ሲመጣ ሸማኔው ጠንካራውንና እኩል የሆነውን ለድር ወሰደ። ለማግ ግን የእጅ ፈትል አልተተካም፤ ልስላሴውና ሙቀቱ ያለው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው የእናቶቻችንን ሥራ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ተወላቸው።

በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ሲታይ ሁለቱ ግማሾች እኩል አይደሉም። ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ተመዝኖ ይገባል፣ ክር ተመዝኖ ይወጣል፤ የሠራተኛው ሰዓት ይመዘገባል፣ ደመወዙ በፊርማ ይከፈላል። እቤት የምትፈትለዋ ግን ልቃቂቷን ሸጣ የጥጡን ዋጋ ስትቀንስ የተረፈውን ሁሉ ትርፍ ትለዋለች። ያመሸችበት ሰዓት ከሒሳቡ ውስጥ የለም። ትርፍ የተባለው የራሷ ደመወዝ ነው፤ እሱም ቢሆን ስንት እንደሆነ አይታወቅም።

መዝገብ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ስታይል የምትባለውን ትንሽ የእንግሊዝ መንደር እናንሣ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1784 ሳሙኤል ግሬግ የሚባል ነጋዴ እዚያ በወንዝ ውኃ የሚዞር የጥጥ መፍተያ አቋቋመ። ከድሃ ቤት የመጡ ልጆች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በአብዛኛው ለምግብና ለመኝታ ይሠሩ ነበር። ዛሬ ቦታው ሙዚየም ነው። የልጆቹ የሥራ ውልና የፋብሪካው መዝገብ ስለተረፈ የብዙዎቹ ስም ይታወቃል፤ የተበደሉትም በደል ሳይካድ ይነገራል።

የእኛ ፈታዮች ስም በየትኛው መዝገብ አለ? ለዚህ ፋብሪካ መጠበቅ አያስፈልገንም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። አራት ዓምድ ይሰመርበት፦ የጥጡ ዋጋ፣ የተፈተለበት ሰዓት፣ የልቃቂቱ ክብደት፣ የተሸጠበት ዋጋ። መጻፍ የማትችል እህት ካለች ልጇ ወይም ጎረቤቷ ትጻፍላት። ከመስከረም እስከ ጥር የአሥር እህቶች ደብተር ቢጠራቀም፣ ከሸማኔና ከነጋዴ ጋር ስለ ዋጋ ስንነጋገር የምናሳየው ቁጥር ይኖረናል። ለሚረዱንም ወገኖች ብድሩ ምን ላይ እንደዋለ ማስረጃ ይሆናል።

ድር ያለ ማግ ጋቢ አይሆንም። ማጉን የሰጠችው ሴት ሒሳብም ይጻፍ።