ከቁና እስከ ኪሎ፦ የልኮች መደበላለቅና የዕለት ተዕለት ግብይት

ኢትዮጵያ የሜትሪክን የልክ ሥርዓት በሕግ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። በመንግሥት መዝገብ መሬት በሄክታር፣ እህል በኩንታል፣ መንገድ በኪሎ ሜትር ይለካል። ይሁን እንጂ በማሳና በገበያ ጥማድ፣ ቁና፣ ጣሳና ፈረሱላ ዛሬም ያገለግላሉ፤ በከተማ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ደግሞ ኢንችና ጌጅ ይነገራሉ። አንዱን ልክ ወደ ሌላው ሳይመነዝር የሚዋዋል ሰው ገንዘቡን ወይም ምርቱን ሊያጣ ስለሚችል፣ የልኮቹን ዝምድና ማወቅ ይጠቅማል።

የሁለቱ ሥርዓቶች አመጣጥ

ሜትር በፈረንሳይ አብዮት ዘመን የተወለደ ልክ ነው። የዘመኑ ሊቃውንት ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ከፍለው አንዱን እጅ ሜትር ብለው ሰየሙት። እ.ኤ.አ. በ1875 አሥራ ሰባት አገሮች በፓሪስ የሜትርን ስምምነት ፈረሙ። የሥርዓቱ ዋና ጠባይ በአሥር መባዛቱና በአሥር መከፈሉ ነው፤ 1,000 ግራም አንድ ኪሎ፣ 100 ኪሎ አንድ ኩንታል፣ 10,000 ካሬ ሜትር አንድ ሄክታር ይሆናል።

ኢምፔሪያል የሚባለው ሥርዓት ከብሪታንያ የወጣ ሲሆን ኢንች፣ ጫማ፣ ማይልና ፓውንድን ይዟል። ደጋፊዎቹ ልኮቹ ከሰው አካል የመነጩ በመሆናቸው ለግምት ይቀላሉ፤ አንድ ጫማ 12 ኢንች ስለሆነም ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለስድስት ያለ ትርፍ ይከፈላል ይላሉ። ነቃፊዎቹ በበኩላቸው 12 ኢንች ጫማ፣ 3 ጫማ ያርድ፣ 1,760 ያርድ ማይል እያሉ መቁጠር ለስሕተት ያጋልጣል ሲሉ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ፓውንድ 0.45359237 ኪሎ ግራም እንዲሆን ስለተስማሙ፣ የኢምፔሪያል ልኮች ራሳቸው ዛሬ የሚተረጎሙት በሜትሪክ ነው።

የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 የሜትሪክ ሕግ ቢያወጣም ለውጡን ለፈቃደኝነት ስለተወው ሕዝቡ በማይልና በፓውንድ መጠቀሙን ቀጥሏል። በብሪታንያ ሱቆች በኪሎ ይሸጣሉ፤ የመንገድ ምልክቶች ግን አሁንም በማይል ናቸው።

መደበላለቅ የሚያስከትለው ጉዳት

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1983 አንድ የካናዳ የመንገደኞች አውሮፕላን 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ካናዳ በዚያ ወቅት ከኢምፔሪያል ወደ ሜትሪክ በመሸጋገር ላይ ስለነበረች ሠራተኞቹ በፓውንድ ቀመር አሰሉት፤ አውሮፕላኑም ከሚያስፈልገው ነዳጅ ከግማሽ በታች ይዞ ተነሣ። ሁለቱም ሞተሮች በአየር ላይ ቢጠፉም አብራሪዎቹ ጊምሊ በተባለ ቦታ ባለ አሮጌ የአየር ኃይል ሜዳ ላይ አሳርፈውት የ69 ሰዎች ሕይወት ተርፏል። ስሕተቱ የመጣው ከኪሎም ከፓውንድም አልነበረም፤ ሁለቱን ከማምታታት እንጂ።

ጥማድና ሄክታር

ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ቢታሰብም፣ መጠኑ እንደ አፈሩ፣ እንደ ተዳፋቱና እንደ በሬው ጉልበት ይለያያል። የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የጸረ አረም መጠን የሚመከረው ግን በሄክታር ነው። ለምሳሌ ምክሩ በሄክታር 100 ኪሎ ማዳበሪያ ቢሆንና የአርሶ አደሩ አራት ጥማድ ሲለካ 0.8 ሄክታር ቢገኝ፣ የሚበቃው 80 ኪሎ ነው፤ ቀሪው 20 ኪሎ በከንቱ የወጣ ገንዘብ ይሆናል። መሬቱ 1.2 ሄክታር ቢሆን ደግሞ 20 ኪሎ ይጎድላል። በጸረ አረም ኬሚካል ላይ ይህ ስሕተት ሰብሉን እስከ መጉዳት ይደርሳል። በመሣሪያ ተለክቶ የይዞታ ደብተር የተሰጠው አርሶ አደር የማሳውን ትክክለኛ ስፋት ከደብተሩ ማግኘት ይችላል።

ፈረሱላና ፓውንድ

በቡና ንግድ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በኒው ዮርክ ገበያ የሚነገረው የአረቢካ ቡና ዋጋ ግን በፓውንድ ነው። አንድ ፈረሱላ ወደ 37.5 ፓውንድ ስለሚጠጋ፣ የዓለም ዋጋ በፓውንድ 2 ዶላር ቢሆን ለፈረሱላ 75 ዶላር፣ ለኪሎ 4.41 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ዋጋ እንጂ በገበሬው ደጃፍ የሚከፈል ባይሆንም፣ ስሌቱን የሚያውቅ አምራች በዜና የሰማውን ዋጋ ከቀረበለት ጋር ማነጻጸር ይችላል።

ኢንችና ጌጅ

ቤት የሚሠራ የከተማ ነዋሪ ሁለት ነገሮችን ቢያስተውል ይጠቀማል። አንደኛ፣ የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። ስለሆነም ውፍረቱን በሚሊ ሜትር መጠየቅ ይበጃል። ሁለተኛ፣ በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ የሚጠራው በውጭ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። ባለ 20 ሚሊ ሜትሩ ከግማሽ ኢንች፣ ባለ 25ቱ ከሦስት ሩብ ኢንች የቧንቧ ዕቃ ጋር ይገጥማል።

ቁና፣ ጣሳና መደብ

ባህላዊ ልኮች እስካሁን የቆዩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሚዛን አይጠይቁም፤ ጥቂት ገንዘብ ለያዘ ሸማች ያመቻሉ፤ ሻጩ የሚጨምረው ምርቃትም የደንበኝነት ማሰሪያ ነው። ጉድለታቸው መጠናቸው በሰፋሪው እጅ መሆኑ ነው፤ ተቆልሎ የተሰፈረ ቁና ከተላገ ቁና ይበልጣል፤ ታቹ የጎደጎደ ጣሳም ያነሰ ይይዛል። አበው «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ያሉት ይህን እምነት ለመጠበቅ ነው። ገዢ የለመደውን ጣሳ አንድ ጊዜ በሚዛን አስመዝኖ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ቢያውቅ፣ በጣሳ እየገዛም ዋጋውን ከኪሎ ጋር ማመሳከር ይችላል። የነጋዴው ሚዛን ካጠራጠረው ደግሞ ዕቃውን በሌላ ሚዛን ማስመዘን፣ ልዩነት ከተገኘም ለአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባዋል።