ራሱን የሚደብቅ ሕመም፦ ቂጥኝ በታሪክ ዓይን

በጅቡቲ ከተማ ብዙ ሰፈሮች የሚጠሩት በቁጥር ነው። ካርቲየ 7 ቢስም ከእነዚሁ አንዱ ነው። በፈረንሳይኛ «ቢስ» ማለት «ድጋሚ» እንደ ማለት ሲሆን፣ ገደ ቢስንና ዕድለ ቢስን የለመደ የአማርኛ ጆሮ ግን ስሙን መጀመሪያ ሲሰማ ሌላ ነገር ማሰቡ አይቀርም። በዚህ ሰፈር የምንኖር መምህራን ስለ ቂጥኝ እንድንጽፍ ያነሣሣንም የስም ጉዳይ ነው። ተማሪዎቻችን «የወደብ በሽታ» ይሉታል፤ ወላጆቻቸው ደግሞ ስሙን ጨርሶ አያነሡትም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በሽታውን በሌላው ላይ ማላከክ የቆየ ልማድ ነው። በ1495 የፈረንሳዩ ንጉሥ የ8ኛው ሻርል ጦር ኔፕልስ በገባ ጊዜ በሽታው በወታደሩ መካከል ተዛመተ። ጣሊያኖች «የፈረንሳዮች በሽታ» ሲሉት፣ ፈረንሳዮች «የኔፕልስ በሽታ» አሉት። ቱርኮች «ፍሬንጊ» ብለው የጠሩት እኛ «ፈረንጅ» በምንለው በዚያው ቃል ነው። በአገራችንም ቂጥኝን ከባቡሩና ከወደቡ ጋር መጣ የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ አፄ ምኒልክ የባቡሩን መንገድ የፈቀዱት በ1894 ሲሆን፣ ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጡ ተጓዦች በሽታው በደጋው እጅግ መስፋፋቱን ጽፈዋል። እርግጥ ነው፣ በዚያ ዘመን የደም ምርመራ ስላልነበረ ተጓዦቹ ያዩትን የቆዳ ቁስል ሁሉ ቂጥኝ ሳይሉት አልቀሩም፤ ስለዚህ ግምታቸውን እንዳለ መቀበል አይገባም።

ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ የሚያስደንቀው የበሽታው ጠባይ ነው። ተላላፊው ሕዋስ ወደ ሰውነት በገባ በ3 ሳምንት ገደማ (ከ10 እስከ 90 ቀን ሊሆን ይችላል) በገባበት ቦታ አንድ ቁስል ይወጣል። ቁስሉ አያምም፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜም በራሱ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ደረጃ ሽፍታ ይከተላል፤ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ መታየቱ አንዱ ምልክቱ ነው። ትኩሳት፣ የንፍፊት ማበጥና የፀጉር መመለጥም ሊኖር ይችላል። ይህም ያለ መድኃኒት ይጠፋል። ቀጥሎ የሚመጣው የዝምታ ዘመን ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሕክምና ካላገኙት አንዳንዶቹ ላይ ከ10 እስከ 30 ዓመት በኋላ ልብን፣ ትልቁን የደም ሥር፣ አንጎልንና አጥንትን ይጎዳል።

እንግዲህ ቁስሉ በራሱ የሚደርቅ ከሆነ፣ ያን ሰሞን የተወሰደው መድኃኒት ሁሉ የሠራ ይመስላል። በብራና የመድኃኒት መጻሕፍታችን የተመዘገቡት ሥራ ሥሮች፣ ፍል ውሃውና ጠበሉ ምስጋና ያተረፉት በከፊል በዚህ ምክንያት ይመስለናል። አውሮፓም አልተሻለም። ሐኪሞቿ 400 ዓመት ያህል በሽተኛውን በባዜቃ ሲያሹና ሲያጥኑ፣ ድዱ ሲቆስልና ምራቁ ሲዝረበረብ «መርዙ እየወጣ ነው» ይሉ ነበር፤ መርዙ ግን ባዜቃው ነበረ። ባዜቃ ወደ እኛም አገር ገብቶ ለዚሁ ሕመም ውሏል።

ነገሩ የተለወጠው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ጀርመናውያን ሕዋሱን በ1905 አገኙ፤ በ1906 የቫሰርማን የደም ምርመራ፣ በ1910 የኤርሊኽ «ሳልቫርሳን» ተከተሉ። በ1943 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ማሆኒ በፔኒሲሊን ማዳን እንደሚቻል አሳየ። ያም ሆኖ በአላባማ ግዛት በተስኬጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 399 ጥቁር አሜሪካውያን ሕመምተኞች መድኃኒቱ እያለ ሕክምና ተነፍገው የበሽታው አካሄድ ተጠንቶባቸዋል። ይህን ለተማሪ መንገር የሚገባ ይመስለናል፤ ሐኪም ቤት መሄድ የሚፈራ ሰው ሁሉ ያለ ምክንያት የሚፈራ አይደለምና።

በሰፈራችንም የሚፈራው ብዙ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው የቀን ሠራተኛ፣ አሠሪዋ እንዳትሰማባት የምትሠጋ የቤት ሠራተኛ፣ ከሱቅ ቅባት ወይም ጥቂት እንክብል ገዝተው ቁስሉ ሲደርቅ «ዳንን» ይላሉ። ብራና ይዞ ሥር ይምስ ከነበረው አባት ብዙም አልራቁም። በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎችና ሕመሙ ከያዘ ዓመት ባልሞላው ሰው ላይ ግን የሚበቃው ሐኪም የሚያዘው 2.4 ሚሊዮን ዩኒት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አንድ ጊዜ መወጋት ነው። ለቆየው በሳምንት አንድ ጊዜ ለሦስት ሳምንት ይሰጣል፤ አንጎልን ወይም ዓይንን ከነካ ሕክምናው ሌላ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። የትዳር ጓደኛም አብሮ መመርመርና መታከም ይኖርበታል፤ አለዚያ የዳነው እንደገና ይያዛል። ያልታከመች ነፍሰ ጡር በሽታውን ለፅንሱ ልታስተላልፍ፣ ልጁም ሞቶ ሊወለድ ይችላል፤ ስለዚህ የደም ምርመራው በእርግዝናው መጀመሪያ ቢደረግ ይመረጣል።

ከተማሪዎቻችን አንዱ «የዳነ ሰው ደሙ ለምን አሁንም አለበት ይላል?» ሲል ጠይቆን ነበር። ከምርመራዎቹ አንዳንዶቹ የሚያሳዩት ሕዋሱን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን መከላከያ ነው፤ እርሱም ከዳኑ በኋላ ዕድሜ ልክ በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። መዳኑን የሚለየው ሌላው ዓይነት ምርመራ ሲሆን፣ በወራት ልዩነት ተደጋግሞ መጠኑ መቀነሱ ይታያል።